ሰብለ ወንጌል ከሬዲዮ እስከ ሚሞሪ

ሰብለ ወንጌልን ያወቅናት በጆሯችን ነው። በደርግ ጊዜ በእኛ ከተማ፣ በጎጃሟ አማኑኤል ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት ይቆጠር ነበር። በእኛ ሰፈር የነበረችው አንዲት ስትሆን ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ ነበሩ። ዳንቴል አልብሰው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጧታል፤ የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለሆነም ከዜና በቀር አይከፍቷትም። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል፤ እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው ይመልሱታል። ወጋየሁ ንጋቱ ሰብለ ያለችበትን ልብ ወለድ፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የሚተርክበት ሰዓት ሲደርስ ግን ቁጠባው ሁሉ ይቀራል። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ መደቡን ትልልቆቹ፣ መሬቱን እኛ ልጆች፣ ደጃፉን እንዝርት የያዙ እናቶች ይሞሉታል።

ወጋየሁ ብቻውን የአንድ አገር ሰው ይሆን ነበር። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በእሱ ድምፅ ሲቆጡ እኛ እንሸማቀቃለን፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ትልልቆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። የእናቶች እንዝርት የሚቆምበት ቦታ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩ እንደከፋ እናውቃለን። ትረካው አልቆም ቶሎ የሚነሳ ሰው የለም፤ ክርክሩ በማግስቱ ውኃ ሊቀዳ ወንዝ ይወርዳል። እናቴ የሰብለን እናት፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትን፣ ይቅር አላለቻቸውም። አንዲት ጎረቤታችን ግን "ምን ታድርግ ብለሽ ነው፣ እቴ? ባል ፈርታ እኮ ነው" ይሏት ነበር። የራሳቸውን ኑሮ እየተናገሩ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ለእኛ ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም። የሰብለ ፍቅረኛ የበዛብህ አገር ማንኩሳ፣ ከእኛ ከተማ ተነስቶ ደንበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ በዚያው በቡሬ መንገድ ላይ ይገኛል። ፊታውራሪው የነበሩበት ዲማ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ በብቸና በኩል ነው። አማኑኤል መሐል ላይ ናት። ስለዚህ በዛብህ ለትምህርት ሲወጣ የእኛን ገበያ ሳይረግጥ አላለፈም ብለን እናምን ነበር፤ በየት በኩል እንደገባ፣ ማን ቤት "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ቁራሽ እንደለመነ ሁሉ እንጨቃጨቃለን። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. መጽሐፋቸው ሲወጣ በውስጡ ያለው የቆሎ ተማሪ፣ ባላባትና ጭሰኛ ኖረው የሚያውቁት ነበር።

ከሬዲዮው ቀጥሎ ካሴት መጣ። አውቶቡስ የሚቆምባቸው ሻይ ቤቶች ቴፕ አስገቡ፤ ጎረምሳው ባዶ ካሴት ገዝቶ ማስቀዳት፣ ክሩን በእስክርቢቶ ማጠንጠን ተማረ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ መምህራን ደግሞ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የኬኒ ሮጀርስን ካሴት ይዘው መጡ። "ሌዲ" የተባለውን ዘፈኑን አንድ ቃል ሳይገባን እናንጎራጉረው ነበር። ሊዮኔል ሪቺ ደርሶለት በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 6 ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየ ለስላሳ ዘፈን ነው። ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ዘፈን ከተሜውን እንዴት አድርጎ እንደማረከ በዚህ አንድ ዘፈን ይታያል። የዚያ አገር ገጠር ሰው ታሪኩን በዘፈን ይነግራል፤ ታሪኩም ገበያ ያገኛል። የዚሁ ሰው "ዘ ጋምብለር" በ1978 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2 ዓመቱ የቴሌቪዥን ፊልም ሆኗል። ዘፈኑን የወደደ ሰው ታሪኩን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

የእኛም ታሪክ በዘፈን ገበያ የሚያገኝበት ተራ የደረሰው ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው። ቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" የተሰኘውን አልበሙን ሲያወጣ "ማር እስከ ጧፍ" የሚል ዘፈን ነበረበት፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የዚያኑ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሊካሄድ የነበረውን የምረቃ ዝግጅት ፖሊስ ቢከለክልም ዘፈኑ ቀድሞ አገሩን አዳርሶ ነበር። አማኑኤል ውስጥ ባጃጁ፣ ምግብ ቤቱ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ይዞት ነበር። እኔም ኮርቻለሁ። ጎጃም የማር አገር ነው፤ ማሩ ተበልቶ ሰሙ ጧፍ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን እስኪበራ ያለውን መንገድ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን ያለቀስንለት ፍቅር ዓለም በሚገበያይበት ሰንጠረዥ ላይ ወጣ ሲባል፣ እናቴ በሕይወት ኖራ ብትሰማው ብዬ ተመኝቻለሁ። ዘፋኙ ያገኘው ሁሉ የሚገባው ነው፤ የተረሳ የመሰለን ታሪክ ወስዶ የዚህ ዘመን ልጅ እንዲያንጎራጉረው አድርጓል።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ጊዜ ለዘመድ ሠርግ አገር ቤት ወርጄ ነበር። ከሠርጉ በፊት ሙዚቃ ሊያስጭን ከሄደ አንድ ወጣት ጋር አብሬ ሄድኩ። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው ልጅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ የዘፈኖቹን ዝርዝር በጣቱ እያወረደ "ማር እስከ ጧፍ"ን ጠቅ አደረገ።

"የሰብለ ወንጌልን ዘፈን ትወዳለህ?" አልኩት።

"በጣም ነው እንጂ፣ ጋሼ።"

"ማን እንደሆነች ታውቃለህ?"

"ዘፈኑ ላይ ያለችው ናታ!"

ብልህና ትሑት ልጅ ነው። የከተማው ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል እንዳደረሰው ነገረኝ። መጽሐፉን አይቶት አያውቅም፤ ወጋየሁ ንጋቱ የሚባል ስምም ሰምቶ አያውቅም። በማግስቱ ሙሽሮቹ በዚያ ዘፈን ታጅበው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሁሉም በስልኩ ይቀርጻል። እኔ ግን በመንገድ ላይ ሽፍታ አቁስሎት የሞተውን በዛብህ፣ ዓለም በቃኝ ብላ የመነነችውን ሰብለ አስብ ነበር። እነዚያ ሁለቱ ድንኳን አልተተከለላቸውም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ያን ዘፈን ሲሰማ ከደስታው ጋር ሌላም ነገር አብሮ ይሰማዋል፤ ልጆቻችን እሱን እያጡ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጥፋቱን በልጁ ላይ አላደርግም። እኛ መጽሐፉን ሳንገዛ ታሪኩን ያገኘነው ሬዲዮ ያለው ሰው በሩን ስለከፈተልን ነው። ለዛሬ ልጅ እንዲያ በሩን የከፈተለት የለም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በሐዲስ ዓለማየሁ ስም ሰይሟል፤ ደግ አድርጓል። ሆኖም የተቋም ስም ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ አማኑኤል፣ ብቸናና ሞጣ ያለ ተማሪ እጅ ላይ መጽሐፍ አያኖርም። ዘፈኑ በአንድ ቀን የደረሰበት ቀበሌ መጽሐፉ በ50 ዓመትም አልደረሰም። እዚያ ቀበሌ የተወለድን፣ ተምረን የወጣን ሰዎች ልናፍርበት ይገባል።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ የአማኑኤል፣ የብቸናና የሞጣ ልጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለዘመድ ዕቃ ስትልኩ አንድ "ፍቅር እስከ መቃብር" ጨምሩበትና ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ይሰጥ በሉ። የወጋየሁንም ትረካ በስልካችሁ ያላችሁ፣ ለሠርግ ዘፈን ለሚጭነው ልጅ ስጡት፤ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይጫንልን።