ኮረብታው የተናደበት መናፈሻ

ሲያትል የገባ ሐበሻ ዘመዶቹ መጀመሪያ የሚወስዱት ወይ ቼሪ ጎዳና ወዳሉት ምግብ ቤቶቻችን ነው፣ ወይ ስፔስ ኒድል ወደሚባለው ማማ። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ከማማው ብዙም ሳይርቅ፣ በአማዞን ሕንጻዎች አካባቢ ያለው የዴኒ መናፈሻ ነው። ሰፊ አይደለም። ቅርንጫፎቻቸው ከላይ የተቃቀፉ ትልልቅ ዛፎች፣ መሐል ላይ የሚገናኙ የእግር መንገዶች፣ የልጆች መጫወቻ፣ ውሻቸውን የሚያናፍሱ የሠፈር ሰዎች፤ በቃ ይኸው ነው። የከተማዋ የመጀመሪያ የሕዝብ መናፈሻ መሆኑን ስሰማ ግን ታሪኩን እስከ ሥሩ ሳልከተል መሄድ አልሆነልኝም።

የመናፈሻውን መሬት በኋላ ለከተማዋ የሰጠው ዴቪድ ዴኒ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ቀድሞ አልካይ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1851 ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ታላቅ ወንድሙ አርተርና የሌሎቹ ቤተሰቦች ኖቬምበር 13 ቀን በመርከብ ሲደርሱ የጠበቃቸው ጣሪያ የሌለው የግንድ ቤትና የታመመ ዴቪድ ነበር። ዝናቡ አላባራም፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ከመካከላቸው የአርተር ሚስት እህት ሉዊዛ ቦረን ትገኝ ነበር። ከኢሊኖይ የዱር ጽጌረዳ ዘር ቋጥራ መጥታለች። ያን ሁሉ ተራራና በረሃ በጋሪ ስታቋርጥ ከዕቃዋ ሁሉ የአበባ ዘር አለመጣሏን ሳስብ ይህችን ሴት እወዳታለሁ። በ1853 ጃንዋሪ ከዴቪድ ጋር ተጋቡ፤ በሰፋሪዎቹ ዘንድ የመጀመሪያው ሠርግ ይኸው ነበር።

«ቀደምት ሰፋሪዎች» ሲባል ግን ምድሪቱ ባዶ እንዳልነበረች መዘንጋት የለበትም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዱዋሚሽና ከሱኳሚሽ ሕዝብ መሪ ከሲያትል ነው። ዴቪድም የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ ተምሮ ይናገር ነበር። ያም ሆኖ በ1865 የከተማዋ ሹማምንት ነባሩ ሕዝብ በገዛ አገሩ፣ በከተማዋ ክልል ውስጥ እንዳይኖር ደነገጉ። በመናፈሻው ጥላ ሥር ተቀምጬ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

ዴቪድና ሉዊዛ በ1861 ከይዞታቸው ቆርሰው ለከተማዋ የሰጡት መሬት መጀመሪያ መካነ መቃብር ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትመጣ፣ በ1884፣ ቦታው መናፈሻ እንዲሆን ተወሰነ፤ የሙታኑም ዐፅም ፈለሰ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1893 አገሩን ያናጋው የገንዘብ ቀውስ መጣና በመሬትና በከተማ ባቡር የበለጸገው ዴቪድ ሀብቱን አጣ። በ1903 ሲሞት ያ ሁሉ ንብረት በእጁ አልነበረም። የሰጠውን ግን አበዳሪ ሊወስድበት አልቻለም፤ የሁሉ ሆኖ ነበርና።

እንዲህም ሆኖ አፈሩ ራሱ አልቀረም። መናፈሻው የነበረው ዴኒ በተባለው ኮረብታ ላይ ነው። መሐንዲሶች ኮረብታው የንግዱን መስፋፋት ይገታል ብለው ለዓመታት ሲንዱት ኖሩ። በመጨረሻው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ1929 እና 1930፣ በኤሌክትሪክ አካፋ የተዛቀው አፈር በማመላለሻ ቀበቶ ወደ ባሕሩ ወርዶ፣ በጀልባ ተጭኖ ተደፋ። መናፈሻውም ወደ 60 ጫማ ያህል ዝቅ አለ፤ የጥንቶቹ ዛፎች ሄዱ፤ አሁን የምናያቸው ከዚያ ወዲህ የተተከሉ ናቸው። ሉዊዛ የረገጠችው መሬት፣ ሙታኑ ያረፉበት ጉድጓድ፣ የያኔው ሣር፣ አንዱም የለም። የቀረው የወል መሆኑ ብቻ ነው። ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ እንኳ መሬት በወርቅ በሚሸጥበት ሠፈር!

በማግስቱ ዐፅሞቹን ተከትዬ ካፒቶል ሂል ወጣሁ። አንዳንዶቹ የተወሰዱበት አዲሱ መካነ መቃብርም ብዙም ሳይቆይ መናፈሻ ስለሆነ ዳግመኛ ፈለሱ፤ ያ ቦታ ዛሬ ቮለንቲር ፓርክ ይባላል። ከጎኑ ባለው በሌክ ቪው መካነ መቃብር ጎብኚው የሚጎርፈው ወደ ብሩስ ሊ መቃብር ነው። እኔ ግን የፈለግሁት የኪኪሶብሉን ነበር፤ የመሪው ሲያትል ልጅ ናት። ያን የ1865 ድንጋጌ ጥሳ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1896፣ ከከተማዋ አልወጣችም።