ሙዚቃ ሲቀዳ እንዳይጎድል

ጸሐፊ ደብዳቤ ሲገለብጥ ፊደል እንዳይጎድልበት ይጠነቀቃል፤ ሙዚቃ የሚቀዳ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የጎደለውን አይጠይቅም።

ድሬ ዳዋ ሙቀትና አቧራ የማይለያት ከተማ ናት። በቀፊራ ባለው ቤታችን አባቴ ያቆዩልን ሲዲዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየተጫጫሩ ሄደዋል፤ ዛሬ ከሚሸጡት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹም ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። ስለዚህ ዘፈኖቹን በጊዜ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ የምንሳሳለት የዓሊ ቢራ ሲዲ ነው። ዓሊ ቢራ የዚችው የድሬ ዳዋ ልጅ ነበር፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። ከእንግዲህ አዲስ ዘፈን አይዘፍንልንምና ያለው እንዳይበላሽ መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው።

በሲዲ ላይ ድምፅ የሚጻፈው በቍጥር ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ለግራና ለቀኝ ለየብቻው 44,100 ጊዜ ይለካል። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 የቀዳነው እንደ ሆነ ግን የሚቀረው መጠን ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ብቻ ነው። ኤምፒ3 ጆሮ አያስተውለውም ያለውን እየጣለ ያሳንሳልና፣ እንዲህ ሲጠብ የጭብጨባውና የሲምባሉ ጥራት ይደበዝዛል። ፍላክ የሚባለው ግን አንዲት ቍጥር ሳይጥል ቦታውን ወደ እኩሌታ ገደማ ያወርደዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሲዲው በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ይጠረጋል፤ እያዞሩ ቢወለውሉት መሥመሩን የተከተለ ጭረት ያተርፋል፤ ይህም ለማንበብ ያስቸግራል። ቀጥሎ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የተባለው ፕሮግራም በጥንቃቄ እንዲያነብ ይታዘዛል። እያንዳንዱን ክፍል ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንብቦ ያስተያያል፤ ካልተስማማለት ይደጋግማል። ለፍጥነት ብቻ የሚቀዳ ፕሮግራም ግን መሣሪያው በግምት የሞላውን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ታናሽ ወንድሜ፣ «በስልክ ሲሰማ ማን ይለየዋል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ለስልክ ኤምፒ3 ይበቃል። ነገር ግን ከፍላክ ኤምፒ3 በፈለግነው ጊዜ ይወጣል፤ ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ ብንለውጠው ግን ፋይሉ ይተልቃል እንጂ ድምፁ አይጠራም። ከኤምፒ3 ተሠርቶ የተሸጠ ሲዲም እንዲሁ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

አንባቢ ሆይ፣ ደመወዝህ ትንሽ ቢሆንም ለማስቀመጫ የሚሆን ዲስክ ቀስ ብለህ ትገዛለህ፤ የተጣለ ድምፅ ግን ከየትም አይገዛም። በቤትህ ያለውን ሲዲ ሳይጫር አንድ ጊዜ በደንብ ቅዳው፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ አኑረው።