ስድስተኛው ኩባያ

ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ማለት ከእናቶቻችን የወረስነው ወግ ነው፤ የተባለችውም «ያኑርሽ» ብላ ትመልሳለች። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ግን፣ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ፣ አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ አከታትላ ብታስነጥስ «ይማርሽ» የሚል ጠፋ። አምስታችንም ዝም ብለን አየናት። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ። ውድ አንባቢ፣ ብዕር ያስነሣኝ ያ ዝምታ ነው።

በአሜሪካ ሴት ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው በአንድ ቤት የመኖር ልማድ አላቸው፤ አዲስ አባል የምትገባውም ታይታና ተመርጣ ነው ይባላል። እኛን ግን ማንም አልመረጠንም። እኅትማማች ያደረገን በር ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር ነው። ስድስት ሴቶች፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት። ገና በመጀመሪያው ወር የየራሳችን ስም ቀርቶ በየአገራችን መጠራራት ጀመርን፤ ጎጃም፣ ጅማ፣ ወልዲያ፣ አዲስ አበባ። እኔ ከከምባታ ስለ መጣሁ አንጋጫ ተባልሁ፤ ስድስተኛዋ የሀድያ ልጅ ደግሞ ጊምቢቹ ተባለች።

ጊምቢቹ ለወላጆቿ ቅርብ ስለ ነበረች ደርሳ ስትመለስ ባዶ እጇን አትገባም። በዚያ ዓመት ከያሆዴ በዓል በኋላ ቡላና ቅቤ ይዛ መጣችና በድብቅ በኤሌክትሪክ ምድጃ አተካና ሠራችልን። ጎጃም እስከዚያ ቀን ድረስ «እንጨት አልበላም» እያለች በእንሰታችን ትቀልድ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የድስቱን ቂጥ በጣቷ የጠረገችው እርሷ ነበረች። ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶት ኖሮ ምድጃችን በማግሥቱ ተወሰደብን፤ ቢሆንም ማናችንም አልቈጨንም። ከግድግዳው ላይ ስድስት ምስማር ተመትቶ ስድስት ኩባያ ይሰቀልበት ነበር። የትኛው የማን እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ እጅ ያገኘውን አንሥቶ ይጠጣል።

መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ተቋረጠ፤ እኛ ግን ለጊዜው ከግቢ እንዳንወጣ ተባልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ከገበያ ጠፋ፤ ለእናት ስልክ ሲደወል ከእናት ድምፅ በፊት «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው ድምፅ ይቀድም ጀመር። ጊምቢቹ ያስነጠሰችው በዚያ ሳምንት ነው። የበልግ ዝናብ ደብድቧት ገብታ ነበር፤ ሌሊቱን ደግሞ ሳለች።

በማግሥቱ ያለ አንዳች ስብሰባ በአንድ ድምፅ ወሰንን። አልጋዋን ወደ በሩ ገፋን። ወልዲያ ፍራሿን አንሥታ ሌላ ክፍል አደረች። ኩባያዋም እንዳይቀላቀል ተብሎ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታሰረ። ክሩን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ጊምቢቹ ከታጠበች በኋላ ገብታ ኩባያውን አየች፤ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችና ምንም ሳትናገር ውኃዋን ጠጥታ መልሳ ሰቀለችው።

ዛሬ ሳስበው የሚያስቀኝም የሚያሳፍረኝም ነገር አለ። ያ በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚተላለፈው በትንፋሽና በታፈነ አየር እንደ ሆነ አሁን ሁሉም ያውቃል። እኛ ግን የሆሳዕናን ብርድ ፈርተን መስኮቱን ጥርቅም አድርገን እየዘጋን፣ ስድስታችን አንድ አየር ስንምግ እያደርን፣ ከሞት የሚያድነንን ነገር ከኩባያ እጀታ ላይ ፈለግነው። መጠንቀቅ ተገቢ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ መስኮቱን እንከፍት ነበር። ያደረግነው አንዲቱን መለየት ብቻ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባለ። ጊምቢቹ ጉንፋኗ ለቋት ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ሻንጣዋን ይዛ ሳትሰናበተን ወጣች። እኔም ከአምባሪቾ ተራራ ሥር ካለው መንደራችን ገባሁ። በቴሌግራም የሚላከውን ጽሑፍ ለማንበብ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ እወጣለሁ፤ ስመለስ ከእናቴና ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት እፍቃለሁ። ወንድሜ ግን ለጥናት ጊዜ ያስፈልገዋል ተብሎ የሚነካው አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሴት ልጅ ደብተር ቀድሞ እንደሚዘጋ ያን ጊዜ ተማርሁ። በእነዚያ ወራት ለጎጃምም ለጅማም ደውያለሁ። ለጊምቢቹ ግን ክሩ ትዝ እያለኝ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ አልደወልሁም።

በ2013 ዓ.ም. ተመራቂዎች ቀድመው፣ እኛም ተከትለን ተመለስን። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በክርን ሰላም ተባባልን። አምስት ነበርን። የበሩ አጠገብ አልጋ ባዶ ነው፤ ኩባያው ከነክሩ ምስማሩ ላይ አለ። የዚያኑ ማታ ደወልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሀድያም ከከምባታም ስንቱ ወጣት ደቡብ አፍሪካ እንደ ሄደ ታውቃላችሁ። በክረምቱ ከዚያ ሱቅ ላለው ሰው ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ሰቧም «ትምህርቱ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅ» ብለው እሺ አሉ፤ እርሷም ቀለበት ተቀብላ የመሄጃዋን ቀን ትጠብቃለች።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኋት።

«ለማን?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ኩባያዬን ጣላችሁት?»

«አልጣልነውም።»

«ክሩስ?»

መልስ አልነበረኝም።

ጊምቢቹ በዚያው ዓመት ሄደች፤ አሁን ከባለቤቷ ጋር ሱቅ ትሠራለች። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን፤ ደኅና ነኝ ትለኛለች፤ አምናታለሁ። ጋብቻዋ ክፉ ነው ለማለት አልጻፍሁም፤ ቀርታ ቢሆን ይሻላት ነበር ለማለትም ዳኛ አይደለሁም። የምለው አንድ ነገር ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የሚወስን ምክር በተያዘበት ሰዓት ወላጆች ነበሩ፣ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ሙሽራውም በስልክ ነበረ። «ትምህርቱ ይከፈታል፣ አልጋሽም ይጠብቅሻል» የሚሉ አምስት ድምፆች ሊኖሯት ሲገባ አንድም አልነበራትም። ምናልባት ሰምታን እንኳ ትሄድ ይሆናል፤ ግን ሰምታን በሄደች።

እነሆ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ግቢ ተመልሻለሁ። ማታ ማታ ከማደሪያው ሳል ስሰማ አሁንም እደነግጣለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከሳሉ በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ይጠብቃል። እኅቶቼ ሆይ፣ ወንድሞችም ብትሆኑ፣ ክፉ ዘመን ተመልሶ ቢመጣ መስኮቱን ክፈቱ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፣ ከተባላችሁም ራቁ። ነገር ግን ከሩቅም ቢሆን «ይማርሽ» በሉ።