ያረጀው የትኛው ነበር?

ሲዲ ማጫወቻዬን ልቀይር ብዬ ስነሣ ድምፁ ስለተበላሸ ነው ባይ ነበርኩ። ዛሬ እውነቱን ልናገር፤ የአዲስ ዕቃ አምሮት ይዞኝ ነበር። ማጫወቻውን ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ሲመለስ ነው ያመጣው። የጃፓን ሥራ ነው፤ በሁለት እጅ ካልያዙት አይነሣም፤ በዘመኑ የሰፈራችን የደሴ ሆጤ ጎረቤት ሊያየው ይመጣ ነበር። ማሪቱ ለገሰን በአምባሰል የሰማነው በእሱ ነው። የኢትዮጲክስ ሙዚቃ ሲዲዎችን 10ኛ ቅጽ፣ ትዝታን የያዘውን፣ እንግዳ ሲመጣ የምከፍተውም በእሱ ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ የማጫወቻው ጠባይ ተለወጠ። መሳቢያው አንዴ ይወጣል፣ አንዴ እንቢ ይላል። ዘፈኑ መሐል ላይ ይዘላል። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ቤቱን ሲያረጥበው ደግሞ የገባለትን ሲዲ ጭራሽ «የለም» ይለኛል። የሚዘለው ግን ሁሉም ሲዲ አልነበረም፤ እኔም የትኛው እንደሚዘልና የትኛው እንደማይዘል ለይቼ አላየሁም። አርጅቷል ብዬ ፈረድኩበት፤ የፈረዱበት ዕቃ ደግሞ ጥፋቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ባለቤቴ «ጣሪያው እያፈሰሰ?» አለችኝ። ለጣሪያው ያስቀመጥነውን ብር ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩና አዲስ ሞዴል ገዛሁ። ሻጩ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲም ያጫውታል ሲለኝ ደስ አለኝ። ይህ ዓይነቱ ዲስክ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ ከተራው ሲዲ የበለጠ መረጃ የሚይዝ ነው። እኔ ቤት ግን አንድም አልነበረም። ለማልጠቀምበት ነገር ከፍዬ፣ ሐረጎን እየወጣሁ ስለ ድምፁ ጥራት ሳስብ ደሴ ደረስኩ።

የመጀመሪያው ሰሞን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ድምፁ ጠርቷል፣ ከበሮው ተለይቶ ይሰማል እያልኩ ለመጣው ሁሉ አወራሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሁለቱንም ማጫወቻዎች ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘና አንድ የፋብሪካ ሲዲ ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀያየረ ከፈተልኝ፤ የቱ እንደሆነ አልነገረኝም። አዲሱ ብዬ የመረጥኩት አሮጌው ሆኖ ተገኘ። ደገምን፤ አሁንም ተሳሳትኩ። በኋላ እንደተረዳሁት አሮጌው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለሚጮህ ነበር። ጆሮ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቆጥራል። ድምፁን እኩል ካደረግን በኋላ ግን ልለያቸው አልቻልኩም።

ነገሩ ሲገባኝ አላስገረመኝም። ሶኒና ፊሊፕስ ሲዲን እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲያወጡት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲለካ አድርገው ነው የቀየሱት፤ ይህም የሰው ጆሮ ሊሰማ ከሚችለው የድምፅ ወሰን በላይ ይደርሳል። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ አሮጌ ማጫወቻ ያንን በአግባቡ ማውጣት ይችላል። ዕድሜ መጀመሪያ የሚያጠቃው የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ነው፤ ሌንሱን፣ ሞተሩን፣ የመሳቢያውን ቺንጋ።

ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ባልኩ ነበር፤ ዝም ያላስባለኝ የወንድሜ ሰርግ ሲዲ ነው። ሰርጉ እዚሁ ሆጤ ድንኳን ተጥሎ የተደገሰ ነው፤ እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እየተቀባበለች ስትዘፍን በካሴት ተቀርጾ ነበር። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወስጄ በሲዲ አስገለበጥኩት። ሲዲ አያረጅም የሚባለውን አምኜ ስለነበር ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር ቀዳሁበት። እናቴ ካረፈች በኋላ ያ ሲዲ ለእኛ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። አዲሱ ማጫወቻ ላይ ሳደርገው አሮጌው የሚዘልበት ቦታ ላይ እሱም ዘለለ። የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ጭራሽ አላነበበም።

ሁለቱንም ማጫወቻዎች ተሸክሜ ፒያሳ አንድ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። «አብሽር» አሉኝና ሲዲውን ተቀበሉኝ። ማጫወቻዎቹን ገና አልነኩም። ሲዲውን በጠርዙ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። እኔም አየሁት፤ ብርሃኑ በሲዲው ውስጥ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብልጭ ብልጭ ይላል።

«ይኼን ማን ጻፈበት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

በእስክሪብቶ የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን ጠርዙን ተከትዬ ጽፌበት ነበር። ረገጥ አድርጌ፣ እንዳይጠፋ ብዬ።

ሰውየው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሲዲ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የማጫወቻው ጨረር ከሚያብረቀርቀው በኩል በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ያነባል፤ መረጃው ያለው ግን በላይኛው፣ በምንጽፍበት ፊት ሥር ነው፤ ከላዩ ስስ ቅብ ብቻ አለው። እኛ የምንሳሳለት ከታች ለሚታየው ጭረት ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ ተወልውሎ ይነበባል። ከላይ በኩል የተላጠ ግን አይመለስም። ንባቡ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ፣ ጠርዙ ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ያጠፋው የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ነው። በዚያ ላይ በኮምፒውተር በርን የተደረገ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ይደበዝዛል። ከፋብሪካ ሲዲ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ የደከመ ሌንስ መጀመሪያ የሚያቅተው እሱን ማንበብ ነው።

ከዚያ አሮጌውን በካቻቢቴ ፈቱት። ሌንሱን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረጉ፣ የደረቀውን ግራሶ አንሥተው አዲስ ቀቡ፣ የላላችውን የመሳቢያ ቺንጋ ቀየሩ። አሮጌው ዛሬም ይሠራል። የጠየቁኝ ዋጋ አዲሱን ለመግዛት ከተሳፈርኩበት ትራንስፖርት ያንሳል። ሲዲውን በኮምፒውተር ቀስ ብለው አስነብበው ከመጀመሪያው ያለውን አተረፉልኝ። የመጨረሻው ዘፈን፣ እናቴ ብቻዋን ያወጣችው፣ አልተገኘም።

ይህን የጻፍኩት አዲስ መግዛት ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። ሌንሱ ካለቀና መለዋወጫ ከጠፋ፣ ጥገናው በየወሩ ከሆነ፣ ያለ ጸጸት ይቀየር። የኔ ጥፋት ሳልመረምር መቀየሬ ነው። ማን እንዳረጀ ሳልጠይቅ ማጫወቻውን አዛውንት አደረግኩት፤ እያለቀ የነበረው ግን ሌላ ቅጂ የሌለው ሲዲ ነበር። ማጫወቻ ቢጠፋ ገበያ ላይ ሌላ አለ። የእናትን ድምፅ የሚሸጥ ሱቅ የለም። በ2014 ጦርነት ከደሴ ቤቶች ስንት ዕቃ እንደተዘረፈ ያየን ሰዎች ይህን ማንም ሳይነግረን ማወቅ ነበረብን።

አሁን ልማዴን ለውጫለሁ። ሲዲ ሲዘልብኝ ሌላ፣ የፋብሪካ ሲዲ አስገብቼ እሞክራለሁ፤ እሱ ካልዘለለ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሲዲ ነው፤ እሱም ከዘለለ ሌንሱን አስጠርጋለሁ። ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት፣ ለምሳሌ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ዕቃ ይዤ ስወርድ ሌንሱ ላይ የሚቋጥረው እርጥበት እስኪደርቅ ሳልከፍተው እቆያለሁ። በእስክሪብቶ መጻፍ የምፈልገውን ሽፋኑ ላይ እጽፋለሁ። የቤተሰቡን ድምፅ የያዘ ሁሉ በሁለት ፍላሽ ተገልብጧል፤ አንዱ እህቴ ቤት ነው።

እናንተም ቤት የሰርግ፣ የመንዙማ፣ የአባት ምርቃት ያለበት ሲዲ እንዳለ እገምታለሁ። ለአዲስ ማጫወቻ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ገና የሚነበብ ከሆነ ዛሬውኑ አስገልብጡት።