ጒንፋንና የሥራ ባልንጀራ

በክረምት ወራት በየመሥሪያ ቤቱ ከደብዳቤና ከመዝገብ ይልቅ ፈጥኖ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ቢኖር ጒንፋን ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ አንዱ ጸሓፊ ማስነጠስ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን አጠገቡ የሚቀመጠው ባልንጀራው ድምፁ ይዘጋል፤ ጥቂት ቈይቶም ከአለቃው እስከ ተላላኪው ድረስ ሁሉም ዓይኑ ቀልቶ አፍንጫውን ሲያብስ ይታያል። ይህንንም እንደ ጭቃው የክረምት ዕዳ አድርገን ስለምንቈጥረው ከየት መጣብን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመምህርነት ነው፤ የመምህርም መሥሪያ ቤቱ ስድሳና ሰባ ልጆች አብረው የሚተነፍሱበት አንድ ክፍል ስለ ሆነ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ማሰብ ግድ ሆኖብኛል። ስለዚህ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ገና ሥራ ለያዛችሁ ወጣቶች ጥቂት ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ጒንፋንን የሚያመጣው ነፋስ አለመሆኑ ነው። እኛ «ብርድ መታኝ» እንላለን፤ እንግሊዞችም ቢሆኑ ለበሽታው ስም ያወጡለት ከብርድ ነው። ነገር ግን ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት ጒንፋን የሚመጣው ቫይረስ ከሚባሉት፥ በዓይን ከማይታዩት ረቂቃን ተሐዋስያን ነው። ዓይነታቸውም ከ200 ይበልጣል፤ ሰው ከአንዱ ድኖ በሌላው የሚያዘው፥ ክትባትም እስከ ዛሬ ያልተገኘለት ስለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሶልዝበሪ በሚባለው ከተማ አጠገብ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1990 ድረስ ጒንፋንን ለመመርመር የቆመ አንድ ተቋም ነበር። በፈቃዳቸው ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች ምግብና ማደሪያ ይሰጣቸዋል፤ ቫይረሱም በአፍንጫቸው ይጨመርላቸዋል። ከዕለታት አንድ ቀን መርማሪዎቹ አንዳንዶቹን ሰዎች ገላቸውን ታጥበው ሳይደርቁ ነፋስ በሚመላለስበት ስፍራ እንዲቆሙ አደረጓቸው። ብርዱ ብቻ የደረሰባቸው፥ ቫይረሱም ያልተሰጣቸው ሰዎች ተንቀጠቀጡ እንጂ በጒንፋን አልተያዙም። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእናቴን ፊት አስታውሼ ሣቅሁ፤ እርስዋ ብትሰማው ፈጽሞ አታምንም ነበርና።

ሆኖም እናቶቻችንን በሙሉ ልብ ለመውቀስ አንቸኩል። በ2005 በዌልስ አገር በካርዲፍ ከተማ 90 ሰዎች እግራቸውን 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲያስገቡ ተደርጎ ነበር። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀኖች ከእነርሱ መካከል ጒንፋን ያመማቸው እግራቸውን ካላራሱት ይልቅ በዙ። መርማሪዎቹም ቫይረሱ አስቀድሞ ባደረባቸው ሰዎች ላይ ብርዱ ሳያግዘው አልቀረም ብለው ገመቱ። እንግዲህ ብርድ አጋዥ ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ እግራችሁ ርሶ ሥራ ከገባችሁ ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ካልሲ አትቀመጡ፤ በጠረጴዛችሁ መሳቢያ ውስጥ አንድ ደረቅ ካልሲ ማስቀመጥ ለማንም አይከብድም።

ታዲያ ጒንፋን በክረምት የሚበዛው ስለ ምንድር ነው? አንዱ ትልቅ ምክንያት ብርዱን ፈርተን በአንድ ቤት ተጠጋግተን፥ መስኮት ዘግተን መቀመጣችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል። አንዱ ተሳፋሪ መስኮቱን ጣት በሚያህል የከፈተ እንደ ሆነ ከኋላ «ኧረ ዝጋው፥ ብርድ ልታስመታን ነው!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ አፋቸውን ሳይሸፍኑ ይስላሉ፤ ስለ እነርሱ ግን የሚናገር የለም። በመሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። እኔ በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ነበሩን፤ ዘወትር ጧት፥ ዝናብም ቢሆን፥ ትምህርት ሳይጀመር መስኮቱን ሁሉ ያስከፍቱን ነበር። እኛም በጋቢያችን ተጠቅልለን በሹክሹክታ እናማቸው ነበር፤ ፈረንጅ ብርድ አይሰማውም እንል ነበር።

በሽታን ከአየር ክፋት የማየቱ ልማድ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ እርሱም ከጒንፋን እጅግ የከፋ ነው። በዚያ መታሰቢያ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቈሻሻ ይቃጠላል። ሰፈርን መጥረጉ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ሳል ያለበትን ሰው ያስጨንቃል እንጂ አይፈውስም።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት በማስተምርበት በአንድ ትምህርት ቤት በንብረት ክፍል የሚሠሩ፥ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰባቸው ብዙ ነው፤ አስምም ነበረባቸው። የሥራ ክፍላቸው ከመዝገብ ቤቱና ከገንዘብ ያዡ ጋር አንድ ነበር። በሰኔ ወር በፈተና ሰሞን የመዝገብ ቤቱ ወጣት በጒንፋን ተያዘና እቤት ልዋል ብሎ ርእሰ መምህሩን ጠየቀ። እርሳቸውም «ለጒንፋን ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?» ብለው መለሱት። ወጣቱ ኮቱን እስከ አንገቱ ቈልፎ፥ እያስነጠሰ፥ መስኮቱ እንደ ተዘጋ ከጧት እስከ ማታ ሲጽፍ ሰነበተ። ጥቂት ቀን ቈይቶ ገንዘብ ያዡ ታመመች፤ ከዚያም ጋሼ ታመሙ። ለሌሎቹ ነገሩ የመሐረብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ። በእርሳቸው ግን ወደ ደረታቸው ወረደና አንድ ሌሊት ትንፋሻቸው ቢቈራረጥ ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ኦክሲጅን እየተሰጣቸው 11 ቀን ተኙ።

ርእሰ መምህሩም ብርቱካን ይዘው ሄደው ጠየቋቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠያቂው ሁሉ «ይህ የሰኔ ብርድ እኮ ነው የመታዎት» ይል ነበር፤ ወጣቱም አብሮን ቆሞ ይህንኑ ይል ነበር። ጋሼ ወደ ሥራ ቢመለሱም ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ በዚያው ዓመት የጡረታ ዕድሜያቸው ሳይደርስ ሥራቸውን ተዉ። ከማን እንደ ተያዙ የሚመሰክር የለም፤ ከታክሲም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ መስኮት ቢከፈትና አንድ ወጣት ሦስት ቀን እቤቱ ቢውል ኖሮ ዕድላቸው የተሻለ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

እናንተ ብርቱዎች ናችሁ። ጒንፋን ቢይዛችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃችኋል፤ ሻይ ጠጥታችሁ ትሥቁበታላችሁ። በአጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ግን አታውቁትም። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዷ እቤትዋ የአንድ ወር ሕፃን ትታ መጥታለች፤ አንዱ አስም አለበት፤ ሌላው ደግሞ ሰውነቱን ያደከመው ሕመም ይዞት ለማንም ሳይናገር መድኃኒት ይውጣል። ይህ ሁሉ በፊታቸው ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ከጒንፋን መጠንቀቅ ማለት ራስን መሸፈን ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች የነገሩን እኩሌታ ብቻ ይዘዋል።

ሕመሙ ይበልጥ የሚጋባው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ነው። በእነዚህ ቀኖች እየሳሉ ቢሮ መግባት በብዙ ቦታ እንደ ትጋት ይመሰገናል፤ እኔ ግን ትጋት ብዬ ልጠራው አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ከሥራ ቢቀር የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዙ እንዲከፈለው ይደነግጋል፤ ሠራተኛውም የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ስለ ሁለት ቀን ጒንፋን ወረቀት ለማግኘት በጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን መሰለፍ እንደሚያሰለች ዐውቃለሁ። አለቃ የሆነ ሰው ግን ይህን በደግነት ሊያቃልለው ይችላል፤ እናንተም አንድ ቀን አለቆች ትሆናላችሁ። የቀን ሠራተኛውን ነገር ግን እንዲሁ አልፈው ዘንድ አይቻለኝም። እርሱ አንድ ቀን ከቀረ የዚያን ቀን እንጀራ አጣ ማለት ነው፤ ደመወዝተኛው «እቤትህ ዋል» ሲለው ምክር ሳይሆን ስድብ ይመስለዋል። ለእርሱ የሚበጀው አሠሪው ብቻውን ወይም በደጅ የሚሠራውን ሥራ ቢሰጠው ነው።

በግድ ሥራ የገባ ሕመምተኛ ደግሞ ሰላምታውን ይለውጥ። እኛ ተጨባብጠን፥ ትከሻ ተገጫጭተን፥ ጒንጭ ካልተሳሳምን የተገናኘን አይመስለንም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሁላችን እጃችንን በደረታችን ላይ አድርገን ጐንበስ ማለት ተምረን ነበር፤ ዓመትም ሳይቈይ ረሳነው። የሚደንቀው ይህ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። አባቶቻችን ትልቅ ሰው ሲያከብሩ እጅ ይነሡ ነበር እንጂ እየሮጡ አይስሙም ነበር። «ይቅርታ ጋሼ፥ ጒንፋን ይዞኛል» ብሎ ከሩቅ እጅ የሚነሣ ወጣት ባለጌ አይደለም። ቅር የሚለው ሰው ካለም ቅሬታው እስከ ምሳ ሰዓት አይቈይም።

ስለ ምሳም ካነሣን፥ በአንድ ትሪ ዙሪያ አብሮ መብላትን የመሰለ ነገር በመሥሪያ ቤት ውስጥ የለም፤ ጒንፋን የያዘው ሰው ግን ለሦስት ቀን ድርሻውን በሌላ ሳሕን ያውጣ፤ ጒርሻውንም ያቈየው። ፍቅር በሦስት ቀን አይቀዘቅዝም። ደግሞም እኛ ከመብላታችን በፊት እጅ በመታጠብ የታወቅን ሕዝብ ነን፤ አፍንጫችንን ከተናፈጥን በኋላ ግን የምንታጠብ ስንቶች ነን? የጒንፋን ቫይረስ በእጅ፥ በበር እጄታ፥ በስልክና በማኅተም ላይ ለሰዓታት ሊቈይ ይችላል፤ ሰውም ያንን ነክቶ ዓይኑን ወይም አፍንጫውን ሲያሽ ይገባበታል። ውሃ ጠብ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ በሳሙና 20 ሴኮንድ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ማስነጠስ ሲመጣም በመዳፍ ሳይሆን በክርን ውስጥ ነው። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን፤ ደግ ልማድ ነው። አጠገቡ ለተቀመጡት ግን «ይማራችሁ» የሚል እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስለ መድኃኒት ብዙ አልናገርም። ዝንጅብል፥ ሎሚና ማር በሙቅ ውሃ ጒሮሮን ያለዝባል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ፌጦ የሚወድ ይጠጣ፥ እኔ ሽታውን አልችለውም። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እየገዙ ለጒንፋን መዋጥ ግን ገንዘብን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ጕዳትም አለው። ያ መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ ቦታው የተዋጠ እንደ ሆነም ባክቴሪያዎቹ ይለምዱታል፤ በእውነት ባስፈለገ ቀንም እንቢ ይላል። ትኵሳቱ ያልበረደለት፥ ትንፋሽ ያጠረው፥ ደረቱን የሚወጋው ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

እንቅልፍንም አትናቁ። በአሜሪካ አገር በ164 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2015 በወጣ ምርመራ፥ ቫይረሱ ከተሰጣቸው መካከል በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ለጒንፋን የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። እኩለ ሌሊት ድረስ ስልካችሁን እያያችሁ የምታመሹ ይህን ልብ በሉ።

ባለፈው ክረምት በጡረታዬ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰዉ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አንዲት ወጣት ጸሓፊ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ መስኮቱን በክንድ ያህል ከፈተችው። በመስኮቱ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ ገደልሽን እኮ!» አሏት። እርስዋም ሣቀችና «አባባ፥ እርስዎ ወደ እኔ ይጠጉ» ብላ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሣቻቸው፤ ነፋሱ በማይደርስበት ማዕዘን የራስዋን ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸው፤ ነጠላዋንም በጒልበታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ከዚያም ቆማ መዝገቡን መመልከት ቀጠለች። መስኮቱ ጉዳዬ እስኪያልቅ ድረስ ክፍት ነበረ።