ስንት ነፍስ አለሽ፣ ጎንደር?

የወገራ ገበሬ ስንት ከብት እንዳለው ሲጠየቅ ቁጥር አይናገርም። «ተመስገን፣ አናጣም» ይላል፤ ወይም በዱላው ወደ ግጦሹ አመልክቶ «ያው እነዚያ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ስለ ልጆቹ ከጠየቁትማ ይከፋዋል። የተቆጠረ ይጎድላል ብሎ ይፈራል። ማስረጃም አያጣም፤ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ በቸነፈር ሰባ ሺህ ሰው ማለቁን ከቄሱ ሰምቷል። እኔን ግን ከተማ አበላሸኝና ቁጥር እወዳለሁ። የአገሪቱን ትልልቅ ከተሞች በሕዝብ ብዛት የደረደረ ሠንጠረዥ ባገኘሁ ቁጥር ዓይኔ ሳላዘው ጎንደርን ይፈልጋል። ስንተኛ ናት? ማን ቀደማት? ፋሲል ከነማ ሊጉን በበላበት በ2013 ዓ.ም. የነጥብ ሠንጠረዡን በየሳምንቱ ስመለከት የነበረው ዓይነት ነገር ነው።

ችግሩ የሕዝብ ሠንጠረዥ ማን ምን ሠርቶ እንደወጣ፣ ማን ምን ደርሶበት እንደወረደ አለመናገሩ ነው። የጎንደር አወጣጥና አወራረድ ደግሞ ሳይናገሩት የሚያልፉት አይደለም።

ከጎንደር በፊት የነገሥታቱ ከተማ በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከሰፈረበት ሠራዊቱ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው ይሰፍራል፤ የዙሪያው እንጨት ነድዶ፣ የባላገሩ ጎተራ ተራቁቶ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀልና ሌላ አገር ይተከላል። ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራና ደንቀዝ ላይ ድንጋይ አስቆሙ። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ካለው ከፍታ ላይ ሲሰፍር ግን መዞሩ ቀረ። የነገሥታቱ መናገሻ ስም በ«ገ» ቤት ፊደል እንደሚጀምር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር ይባላል፤ ጉዛራና ጎርጎራ ሙከራዎች ነበሩ ማለት ነው። ደንቀዝ ላይ ማን እንደተሳሳተ ግን የሚነግረን የለም።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ፣ ከተማዋ በሰላም ጊዜ አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ አላት ብሎ ገመተ። በአንድ ቤት አምስት ነፍስ ብናስብ ሃምሳ ሺህ ሰው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የያዘችኝ «በሰላም ጊዜ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰውየው የገባው ነገር አለ። ንጉሡ ሲዘምት ጋሻ ጃግሬው ብቻ አይደለም የሚከተለው፤ ጠጅ ጣዩ፣ ቀጥቃጩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አዝማሪው ሁሉ ይከተላል። የከተማዋ ሕዝብ ስንት ነው ለማለት መጀመሪያ ንጉሡ ቤት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ግንቡ ቢቆምም ሰዉ ገና ከድንኳኑ አልወጣም።

ከስልሳ ዓመት በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የገመተው ስድስት ሺህ ተኩል ያህል ሰው ነው። ቴዎድሮስም ድርቡሽም ገና አልደረሱም፤ ግንቡም እዚያው ነው። የሄደው ግብሩ ነው። በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ የስም ሆኖ ጎንደር ሲቀመጥ፣ ማሩ፣ እህሉና ሙክቱ የየጁ ራሶች ወደተቀመጡበት ወደ ደብረ ታቦር መንገዱን አዞረ። ማሩ የሄደበት ጠጅ ጣዩ፣ ጠጁ የሄደበት ጠጪው ይሄዳል። ከተማ በእሳት ከሚጠፋው ይልቅ በመሶብ መነሳት የሚጠፋው ይበልጣል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

እሳቱም አልቀረላትም። ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት አስጭነው ወሰዱ። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ መቅደላ ወጡ፤ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ደግሞ ከፊሎቹ ወደ ለንደን ተጋዙ። ከጎንደር ከተሰደደው ሁሉ የት እንዳለ ተመዝግቦ በቁጥር የሚገኘው ይህ ብራና ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ድርቡሽ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ገባና የቀረውን አቃጠለ፤ ከትልልቆቹ አድባራት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። ንቦቹ ናቸው የተከላከሉት ይባላል፤ እኔ ከንቦቹ ጋር ክርክር የለኝም። ወዲያው ከብት የፈጀው በሽታና ረሃቡ፣ ያ ክፉ ቀን የሚባለው፣ ተከተለ። ሮምም እንዲህ ሆና ታውቃለች፤ ሚሊዮን ሰው ይኖርባት የነበረች ከተማ በመካከለኛው ዘመን ጥቂት አሥር ሺዎች ቀርተውባት የቄሣሮቹ አደባባይ የከብት መሰማሪያ ሆኖ ነበር። ሮምን ወደ ቀድሞው የመለሳት እንደገና ዋና ከተማ መሆኗ ነው። ጎንደር ይህ ዕድል አልገጠማትም።

ዕድሉ የአዲስ አበባ ነበር፤ እሷም ለጥቂት ነው ያመለጠችው። በ1879 ዓ.ም. ተመሥርታ ብዙ ሳትቆይ የዙሪያዋ እንጨት አለቀ። ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ድንኳን ሊነቅሉ አዲስ ዓለም ላይ ግንባታ ጀምረው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ደርሶ ማገዶ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ስለ አዲስ አበባ የምናወራው ስለ ደንቀዝ እንደምናወራው ይሆን ነበር። ባሕር ዛፍን ውሃ ጠጪ እያሉ ሲያሙት ይህን ውለታ የሚያነሳለት የለም።

ጎንደር እንደገና መሙላት የጀመረችው በጣሊያን ጊዜ ነው ይባላል። እርግጥ ነው በ1928 ዓ.ም. የገቡት ፋሽስቶች ጎንደርን የአማራ ግዛት ብለው ለከለሉት አገር ማዕከል አደረጓት፤ ፒያሳውን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ አስፋልቱን ሠሩ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻ ምሽጋቸውን የለቀቁትም እዚሁ ነው። እኔ ግን የዘመኑን ጎንደር የምጀምረው ከ1947 ዓ.ም. ነው፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት። ንጉሥ ሲሄድ ሰው ይከተለዋል፤ ሐኪም ቤት ግን ቆሞ ሰዉን ወደ ራሱ ያስመጣል። ከጃናሞራ በቃሬዛ የወረደ በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚ አለው፣ አስታማሚው ማደሪያ ይፈልጋል፣ ማደሪያው ሽሮ ይፈልጋል፣ ከሽሮ ቤቷ ተቀጥራ የቀረች የበሽተኛው የእህት ልጅ አትጠፋም። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተማሪውን በሺህ ሲያመጣ ደግሞ የግቢው ሁሉ ጓሮ ክፍል ተሠራበት። ተማሪ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም፤ አቋቋም ለመማር በዓታ የመጣው የቆሎ ተማሪ ከማንም ቀድሞ ነበር። ልዩነቱ እሱ ጎጆውን ራሱ ሠርቶ፣ ቁራሹን ለምኖ ያድር ስለነበር ለማንም ኪራይ አለመክፈሉ ነው።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ ልመለስ። በ1976ቱ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ቀጥላ ሁለተኛ የነበረችው አሥመራ ናት። በ1987ቱ ድሬዳዋ ሁለተኛ ሆነች። አሥመራ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ድንበሩ ነው በመካከል ያለፈው። በዚያ ቆጠራ ጎንደር በ112,249 ሰው፣ ከናዝሬት ቀጥላ፣ አራተኛ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. 207,044 ደረሰች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ለመሆን ብዙም አልቀራት። ደረጃዋ ግን አምስተኛ ሆነ! መቀሌ ከእጥፍ በላይ አድጋ አልፋታለች። እየወፈሩ መውረድ እንዲህ ነው። በዚያው ጊዜ አዲስ አበባ ከ2,112,737 ወደ 2,739,551 ያደገችው ሲሶ እንኳ በማይሞላ ነው። በ1987 የጎንደርን አሥራ ዘጠኝ እጥፍ የምታክለው ከተማ በ1999 ወደ አሥራ ሦስት እጥፍ ወርዳለች። ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል እየተባለ ሲወራ፣ ባላገሩ በጸጥታ ወደ ቅርቡ ከተማ ይገባ ነበር።

የሚገባው ማን እንደሆነ ያው ቆጠራ ይናገራል። ከ207,044ቱ ሴቶቹ 108,924፣ ወንዶቹ 98,120 ናቸው። ከአሥር ሺህ በላይ ብልጫ! ይህን ልዩነት አንድ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ያስተዋለ ሰው ይረዳዋል። የደጋው ወንድ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲቆረስ ቆይቶ እሱ ዘንድ ሲደርስ አልበቃ ቢለው፣ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ወባውንም ብሩንም ይዞ ለአዝመራው ይመለሳል። ሴቷ መመለሻ የላትም። በልጅነቷ ተድራ፣ ከባሏ ሳትስማማ ቀርታ የፈታች ልጅ አባቷ ቤት ብትመለስ እንግዳ ናት፤ ቀድሞም ሌላ ቤት ትገባለች ተብላ ለወንድሞቿ የተመደበው መሬት ለእሷ አይደርሳትም። ስለዚህ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከበለሳ በአውቶቡስ ትገባለች። ሰው ቤት ትቀጠራለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ አሸዋና ድንጋይ ትሸከማለች፣ ማታ ትማራለች። ዛሬ ያለችውን ጎንደር ማን ቆረቆራት ቢሉኝ መልሴ ፋሲል አይደለም።

የሄዱትንም ሠንጠረዡ አያሳይም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን በሁለት ቀን ውስጥ ሲወሰዱ፣ ከእነዚያ ብዙዎቹ ከጎንደር ዙሪያ የተነሡ ነበሩ። ከጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የሸክላ ሥራው እዚያው ቀርቷል፤ የሠሪዎቹ ዘመዶች ሄደዋል። ከዚያም ወዲህ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች በጎንደር የኪራይ ቤቶች ዓመታት አሳልፈዋል። እነዚህ የትኛው ከተማ ነዋሪ ይባላሉ? ቆጣሪው ሰውን እንጂ ልቡን አይመዘግብም።

ድንኳኑም ቢሆን ፈጽሞ አልተረሳም፤ መልኩን ቀይሮ ቢሮ ሆኗል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል መንግሥት ባሕር ዳር ሲቀመጥ ሠራተኛው፣ ተቋራጩ፣ ባለ ጉዳዩ ተከተለው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ሲከፈል ደግሞ የሰሜን ጎንደሩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ገባ። ከዚያ በፊት ደባርቅ የስሜን ተራራ መውጫ ነበረች፤ ቱሪስት አድሮባት በቅሎ ተከራይቶ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ካለችው ከግጭ የተነሡት ነዋሪዎችም የሰፈሩት እዚያው ነው። ደመወዝ የሚበላ ሰው ሲጨመርባት ምግብ ቤቱና የኪራይ ቤቱ መከተሉ አይቀርም። ማሩ ቀርቶ ደመወዙ ሆነ እንጂ ነገሩ የድሮው ነው። ጎንደር የምትለየው እዚህ ላይ ነው፤ የክልልም የአገርም መናገሻ ሳትሆን በ1999 ቆጠራ ከባሕር ዳር በሃምሳ ሺህ ሰው ትበልጥ ነበር። ፋሲል በዙፋኑ ካሰባሰበው ይልቅ የደጋው ችግርና ሐኪም ቤቱ ያሰባሰቡት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሕዝብ ለመበተን መሶቡን ማንሣት ብቻ አይበቃም።

ግን የውሃ ነገር አለ። ከተማዋን እንዲያጠጣ አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ ከዙሪያው ተራራ እየታጠበ በሚወርደው አፈር ይሞላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከወገራ በኩል የሚወርደው ደለል የገበሬውንም ማሳ የከተሜውንም ማጠራቀሚያ አብሮ ይወስዳል። ያ መሬቱ አልበቃ ብሎት ልጁን ወደ ከተማ የላከው ገበሬ አፈሩንም አብሮ ልኮታል። የመገጭ ግድብ ይደርሳል እየተባለ ስንት ጥምቀት አለፈ! የጥንቱ ከተማ እንጨት ሲያልቅበት ተነሥቶ ይሄድ ነበር። ይህችኛዋ ወዴት ትሄዳለች?

ከ1999 ወዲህ አገሪቱ ቆጠራ አላደረገችም። በ2010 ዓ.ም. መሆን የነበረበት ተራዘመ፤ ደግሞም ተራዘመ። ዛሬ በየሠንጠረዡ የምናየው ከዚያው ከአሮጌው ቆጠራ ተሰልቶ የወጣ ግምት ነው። በየጊዜው ጦርነት ያፈናቀለው፣ ከሱዳንና ከኤርትራ ሸሽቶ የመጣው፣ ከገጠር ሸሽቶ ዘመድ ቤት የተጠጋው ሁሉ ግምቱ ውስጥ የለም። አንድ ቀን ማራኪ አካባቢ ክፍል የሚያከራዩ አንዲት እናት ዘንድ ቡና ስጠጣ ይኸው ጥያቄ አፌ ላይ መጣ።

«እትዬ፣ ቆጣሪ ቢመጣ እዚህ ግቢ ስንት ሰው አለ ይሉታል?»

«ለምን ነው የመጣው?»

«ለመቁጠር ነዋ።»

«አይ አንተ! ለምን እንደመጣ ሳላውቅ እንዴት እነግረዋለሁ? ለሸማቾች ስኳርና ዘይት ከሆነ አሥራ አራት ነን። ለኪራይ ግብር ከሆነ እኔና የልጅ ልጄ ብቻ ነን።»

«ለሕዝብ ቆጠራ ከሆነስ?»

ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝና ጥቂት አሰቡ። «እሱ ውሃውን ይጨምርልናል?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ሲመጣ እኔው እጠይቀዋለሁ» አሉና፣ የፈረቃው ቀን ነበርና፣ ጀሪካኖቹን እንዲያሰልፉ ተከራዮቻቸውን በየስማቸው ይጣሩ ጀመር።