ጆሮዬና የቺፑ ስም

ሐዋሳ አቶቴ ባለችው ጠባብ ክፍሌ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። የወላጆቹን ሠርግ የያዘ ካሴት ይዞ የሚመጣ አለ፤ ከገበያ የጠፋ ዘፈን ይዞ የሚመጣም አለ። ስለ ሳውንድ ካርድ የምጠይቀው ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፅን ወደ ቁጥር፣ ቁጥርን መልሶ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቺፕ የማን ሥሪት ነው?

ድምፁን የሚወስነው የቺፑ ስም ነው የሚለው ወሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዲ ማጫወቻ ገበያ ሲወጣ 16 ቢት በትክክል መለወጥ ፈተና ነበር፤ የፊሊፕስ የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች የሠሩት በ14 ቢት ቺፕ ነው። ያ ችግር ከተፈታ ቆየ። የቺፕ ስም ዝና ግን አልሞተም።

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ወዳጄ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ርካሹን ካርዴንና የበለጠ ይጠራል የምለውን ውዱን አቀረብኩለት። አንድ ወጥ ጩኸት አጫውቶ መውጫቸውን ሲለካ ውዱ 2 ቮልት፣ ርካሹ 1.8 ሰጡ። ልዩነቱ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ሲሆን ጆሮ «ከፍ አለ» አይልም፤ «ጠራ» ነው የሚለው። እኩል ካደረጋቸው በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ ገመዱን እየቀያየረ «የቱ ነው?» ይለኝ ጀመር። መልሴ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም።

«አየህ ወንድሜ፣ የወደድከው ጮክ ያለውን ነው» አለኝ።

ቺፑ ብቻውን ድምፁን እንደማይወስን ሌላም ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው፣ እንዲህ ዓይነት ቺፕ የሚያመርተው የአሳሂ ካሴይ ፋብሪካ ሲቃጠል ብዙ አምራቾች ወደ ሌላ ኩባንያ ቺፕ ዞረዋል። አንዱን ነቅለው ሌላውን በመትከል ግን አልጨረሱም፤ በዙሪያው ያለውን ሰርኪዩት እንደገና መንደፍ ነበረባቸው። ኃይል የሚያቀርበው፣ የሚያጣራውና ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ያለው እዚያው ዙሪያው ነው።

የካሴት ነገር ደግሞ ይብሳል። ክሩ የራሱ «ሽሽ» የሚል ሽሽታ አለው፤ ከዘፈኑ ከፍተኛ ድምፅ እስከ ሽሽታው ያለው ርቀት 60 ዴሲቤል ከደረሰ እሰየው ነው። ተራ 16 ቢት 96 ይይዛል። ታዲያ 120 የሚል ቺፕ ለማን ነው የሚገዛው? ለሽሽታው?

ጆሮዬ ያለ ጥርጥር የለየው ልዩነት የመጣው መብራት የሄደ ለት ነው። ቴፑ ቆመ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ሄድፎኔ ውስጥ ከዘፈኑ ሥር ሁልጊዜ የነበረው እዝዝታ ድንገት ጠፋ። መብራት ሲመጣ እሱም ተመለሰ። የላፕቶፑን ቻርጀር ከዲቫይደሩ ስነቅለው ግን ዝም አለ። ውዱም ርካሹም ካርድ ላይ እንዲሁ ነው።

ካሴት ለማስገባት ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ በአልኮል ጥረጉ። ቀጥሎ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ እያዞራችሁ ክራሩና ጸናጽሉ ጥርት የሚሉበት ቦታ ላይ አቁሟት። ቻርጀሩንም ንቀሉ። ከዚያ በኋላም ያላችሁ ካርድ ካልጣማችሁ አዲስ ግዙ፤ ሁለቱን እኩል አድርጋችሁ፣ ሳታዩ አዳምጣችሁ።